አንድ ዓይነት ደብዳቤ

በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ በሜሪላንድ በኩል፣ አንድ ዕድር ነበረ። ታሪኩን በምሳሌ ስለምናገር ሰዎቹን በስም አልጠራም፤ ባልቴቷ፣ ሹፌሩ፣ ነርሷ፣ ጸሐፊው እላለሁ፤ ገንዘብ ያበደረውንም አበዳሪው ብዬ አልፈዋለሁ። ሕጉና የፍርድ ቤቱ ሥርዓት ግን የአገሩ ሕግና ሥርዓት ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባልቴቷ ባል በሕይወት ሳለ የቤቱን ወረቀት ሁሉ የሚይዝ ሰው ነበር። ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፤ ማታ የመጣውን ፖስታ አንድ በአንድ ከፍቶ ያነባል፤ የሚከፈለውን በቀኑ ይከፍላል። በ2005 ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቤት ሲገዙ የ30 ዓመት ሞርጌጅ አብረው ፈረሙ። እሷ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር። ወር በገባ ቁጥር ክፍያው ሳይጓደል አምስት ዓመት ሄደ።

በ2010 ባሏ በድንገት ሞተ። ዕድሩ የሚችለውን ሁሉ አደረገ፤ አስከሬኑን ወደ አዲስ አበባ ላከ፣ ለቅሶ ተቀመጠ፣ ቤቱን ለሳምንታት ምግብ አላሳጣውም። ሐዘንተኛዋ ግን አንድ ነገር አልሆንላት አለ፤ በባሏ ስም የሚመጣውን ፖስታ መክፈት። ስሙ ተጽፎ ሲመጣ አንስታ መሳቢያ ውስጥ ታኖረዋለች። የቤቱ ኢንሹራንስ ይታደስ የሚለው ማሳሰቢያም በእሱ ስም መጣ፤ እንደ ሌሎቹ መሳቢያ ገባ።

ኢንሹራንሱ ተቋረጠ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከአበዳሪው ደብዳቤ ደረሳት። የቤትዎ ኢንሹራንስ ስለተቋረጠ እኛ ገዝተናል፣ ዋጋው 3,400 ዶላር ነው፣ ከወር ክፍያዎ ላይ ይደመራል ይላል። ባሏ ለዚያው ቤት በዓመት 850 ዶላር ነበር የሚከፍለው። የወሩ ክፍያ በአንድ ጊዜ 283 ዶላር ጨመረ።

ማንንም አልጠየቀችም። ጥፋቱን ግማሹን ለራሷ ወሰደችው፤ ግማሹን፣ እሱ ነው የከፋው፣ ለሟቹ ሰጠችው። «ኢንሹራንሱን ሳይከፍል ጥሎኝ ሄደ» እያለች ሌሊት ከመቃብሩ ጋር ትጣላ ነበር። ሁለተኛ ሥራ ያዘች፤ ከሆቴሉ ስትወጣ ኤርፖርት ገብታ ወለል ትጠርጋለች። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ነጠላዋ እንደ ወትሮው የታጠበ ነው፤ ደህና ናት፣ ተመስገን ናት።

አበዳሪው ያደረገውን ሳላስረዳ ወደፊት ብሄድ የዚህች ሴት ነገር የመርሳት ታሪክ ብቻ ይመስላል። ሞርጌጅ የሚፈርም ሰው ሁሉ ቤቱን ኢንሹራንስ እንደሚያስገባ ይዋዋላል፤ ካላስገባ አበዳሪው ገዝቶ ሊያስከፍለው ይችላል። ቤቱ ቢቃጠል ገንዘቡም አብሮ ይቃጠላልና ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ ከዚያ በኋላ ነው። አበዳሪው የሚገዛው ኢንሹራንስ ሰው ራሱ ከሚገዛው ብዙ እጥፍ ይወደድ ነበር፤ የሚጠብቀውም በመጀመሪያ የአበዳሪውን ገንዘብ ነው፤ የባለቤቱ አልጋና ልብስ ቢቃጠል ጉዳዩ አይደለም። ሻጩን የሚመርጠው አበዳሪው፣ የሚከፍለው ተበዳሪው ስለሆነ ርካሹን ፍለጋ የሚደክም ሰው የለም። ይባስ ብሎ ከሻጩ ኮሚሽን ለአበዳሪው ወይም ለእኅት ኩባንያው ይመለሳል፤ ዋጋው በናረ ቁጥር ኮሚሽኑም ይወፍራል። አንዳንዴ ቀኑ ወደ ኋላ ተቆጥሮ፣ ምንም አደጋ ሳይደርስ ላለፉ ወራት ሁሉ ያስከፍሉ ነበር። የኒውዮርክ የፋይናንስ አገልግሎቶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን ንግድ ሲመረምር ቆይቶ በ2013 ከዋናው ሻጭ ጋር ሲስማማ ኩባንያው 14 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሏል።

የንግዱ ጉልበት ግን ከዋጋው ይልቅ ከሰዉ ጠባይ ይመጣል። ደብዳቤው የሚደርሰው አንድ ነገር የጎደለበት ሰው ዘንድ ነው፤ ሥራ ያጣ፣ ባል የሞተባት፣ የታመመ፣ የዘገየ። እንዲህ ያለ ሰው ሒሳቡን ከመመርመሩ በፊት ያፍራል። ያፈረ ሰው ደብዳቤውን ለጎረቤቱ አያሳይም። ጎረቤቱም የራሱን አያሳየውም።

ሹፌሩ እንደዚያ ነበር። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ፣ በሜሪላንድ የቤት መወረስ ክፉኛ በበረታበት አካባቢ፣ ጓሮ ያለው ቤት ነበረው። ታክሲ ይነዳል፤ በ2009 ኑሮው ሲላላ ኢንሹራንሱን አንድ ጊዜ ዘለለ። ያው ደብዳቤ ደረሰው፣ ያው 3,400፣ በተከታዩም ዓመት ያው። ሁለት ዓመት እንደምንም ከፈለና ሌላው ሁሉ ተጓደለ፤ በ2011 ቤቱ ተወሰደበት። ለሰው ግን «ሸጥኩት» አለ። «በጥሩ ዋጋ ሸጥኩት፤ አሁን ቤት መያዝ ትርፉ ድካም ነው» አለ። ሰዉም አመነው፤ እንዲያውም ብልህ ነው እያሉ የቀኑበት ነበሩ።

በ2012 ከዕድሩ አባላት አንዱ አረፈ፤ ሁሉም ለቅሶ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ባልቴቷ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች እንቅልፍ ጣላት። ነርሷ፣ ልጅ እግር ናት፣ ቢላውን ከእጇ ወሰደችና፦

«እትዬ፣ ታመዋል እንዴ? ይህ የጤና እንቅልፍ አይደለም» አለቻት።

«ሥራ ነው ልጄ።»

«የአንድ ሰው ሥራ እንዲህ አይጥልም።»

በለቅሶ ቤት ሰው የልቡን መናገር ይቀለዋል፤ ማን ለምን እንዳለቀሰ አይጠየቅማ። ባልቴቷ ከቦርሳዋ ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። ነርሷ እስከ ግማሽ አንብባ ቀና አለች። «ይህ ደብዳቤ እኔም ቤት አለ» አለች። የእሷ ሲመጣ ከቁጥሩና ከአድራሻው በቀር ቃል በቃል አንድ ነው።

የዕድሩ ጸሐፊ አገር ቤት ሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ጡረተኛ ነው። ነገሩ ጆሮው ሲደርስ ሐዘንተኞቹን አስፈቅዶ በማግሥቱ እንደዚህ ያለ ደብዳቤ ያለው ሰው ይዞ እንዲመጣ በየመቀመጫው ዞሮ ተናገረ። ካርታ በሚጫወቱበት ጠረጴዛ ላይ ሰባት ደብዳቤ ተዘረጋ። መስመሩ አንድ፣ አንቀጹ አንድ፣ ከታች ፊርማ የሌለው «የኢንሹራንስ ክፍል» የሚለው አንድ። ሰባት ሰው ለየራሱ ጥፋት ብሎ የተሸከመው ነገር የአንድ ማሽን ጽሑፍ ነበር። ሹፌሩ ቆሞ ጠረጴዛውን አየ፤ ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ቅዳሜው ላይ ሴቶቹ ከባልቴቷ ጋር መሳቢያውን ከፈቱ። እሷ አላነበበችም፤ ነርሷ ናት ያነበበችላት። የባሏ የመጨረሻ ክፍያ ደረሰኝ ተገኘ፤ ዓመቱን በሙሉ ከፍሎ ነበር የሞተው። ኢንሹራንሱ የተቋረጠው ከቀብሩ ከሰባት ወር በኋላ ነው። ባልቴቷ ደረሰኙን በሁለት እጇ ይዛ «ይቅር በለኝ» ስትል ሌሎቹ ስለ ገንዘቡ የምታወራ መሰላቸው።

ወሬው ሲሰማ መጀመሪያ የመጣው ጠበቃ አልነበረም። ክራቫት ያሰረ፣ ጥሩ ቦርሳ የያዘ ሰው ነው፤ ከጠበቆች ጋር እሠራለሁ ይላል። በምግብ ቤት አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦ ትልቅ ክስ መኖሩን፣ በዚህ ክስ ስሙ የገባ ሰው ሞርጌጁ እንደሚሰረዝለት፣ ስም ለማስገባት ግን 5,000 ዶላር በቅድሚያ እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። «ቦታው ሊሞላ ነው» አለ። ሁለት ሰዎች በዚያው ሌሊት ቼክ ጻፉ፤ ሰውየውንም ቼኩንም ዳግም አላዩም። እንዲህ ያለው ንግድ በዚያ ዘመን በየከተማው ነበር። በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነችው ካማላ ሃሪስ የካሊፎርኒያ ዋና ዐቃቤ ሕግ በነበረችበት በ2011 የቤት ባለቤቶችን እናንተንም በክሱ እንደምራችሁ እያሉ እስከ 10,000 ዶላር የሚቀበሉ ጠበቆችንና ደላሎቻቸውን ፍርድ ቤት አቁማለች። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በዚያው ዓመት ከሞርጌጅ ዕዳ እንታደጋችሁ የሚሉ ድርጅቶች ውጤት ሳያሳዩ ቅድሚያ ገንዘብ እንዳይቀበሉ የሚከለክለውን ደንብ ሥራ ላይ አውሏል። ሕዝባችን ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ይልቅ የራሱን ቋንቋ የሚናገር ደላላ ያምናል፤ እምነቱ ውድ ያስከፍለዋል፤ ይህን ስጽፍ እናደዳለሁ።

እውነተኛዋ ጠበቃ ከባልቲሞር መጣች። ጸሐፊው አስቀድሞ «ስንት እንክፈል?» ብሎ ጠየቃት።

«ምንም» አለች። «ከተረታን እኔ ከሰርኩ። ካሸነፍን ወይም ከተስማማን ክፍያዬን ዳኛው መርምሮ ይፈቅዳል። በቡድን ክስ ውስጥ ለመግባት ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ከመጣ በር ዝጉበት።»

ሁለቱ ከፋዮች አንገታቸውን ደፉ።

ደብዳቤዎቹን ደጋግማ አየች። ነርሷ ግን ሌላም ብሶት ነበራት፤ ሞርጌጁን ስትወስድ እንደ እሷ ደመወዝ ካላት ነጭ ባልደረባዋ የበለጠ ወለድ ነው የተጣለባት። ጠበቃዋ አዳመጠቻት፤ ከዚያም አሳዛኝ ነገር ነገረቻት። የፍትሕ ሚኒስቴር በታኅሣሥ 2011 ካንትሪዋይድ የተባለውን አበዳሪ ከ200,000 በላይ ጥቁርና ሂስፓኒክ ተበዳሪዎችን አስበልጦ በማስከፈል ከሶ በ335 ሚሊዮን ዶላር አስማምቷል። መንግሥት ሲከስ እንዲህ ይሆናል። ሰዎች ራሳቸው በቡድን ሲከሱ ግን በዚያው 2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዋልማርት ሠራተኞች ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ መንገዱን አጥብቦታል፤ በደሉ በየቢሮው የተለያየ አለቃ በየፈቃዱ ያደረገው ከሆነ «የጋራ» አይባልም። ወለድን የሚወስነው እያንዳንዱ የብድር ሠራተኛ ነበር። «ያንቺ ወለድ የተጣለበት መንገድ የሌላው ሰው ወለድ የተጣለበት ላይሆን ይችላል» አለች። «ይህ ደብዳቤ ግን አንድ ነው። ከአንድ ክፍል፣ በአንድ መመሪያ፣ ለሁሉም ወጥቷል። ዳኛ ፊት ይዤ የምቀርበው አንድነቱን ነው።»

ነርሷ ተከፋች፤ ልክ ነበረች። ሁለት በደል ተቀብላ አንዱን ብቻ ልትጠይቅ ነው። እኔም ዛሬ ድረስ ያ ውሳኔ ደካማውን ያራቆተ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጠበቃዋ ቀጠለች። ሁሉም ሰው ከሳሽ ሆኖ ዳኛ ፊት አይቆምም፤ አንድ ወይም ሁለት ሰው በስሙ ይቆማል፤ ሌላው በእሱ ይወከላል። በስሙ የሚቆመው ሰው መዝገቡ ላይ ይጻፋል፤ ማንም ፈልጎ ሊያነበው ይችላል። የአበዳሪው ጠበቆች ቃለ መሐላ አስገብተው ስለ ገቢው፣ ስለ ዕዳው፣ ስለ ቤቱ ይጠይቁታል። በደሉ የሌሎቹን የሚመስል፣ ከሌሎቹም ጋር የጥቅም ግጭት የሌለው መሆን አለበት። ለብቻው በርካሽ ታርቆ ሌሎቹን ሊጥል አይገባም።

«ማን ይቆማል?» አለች።

አዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ እንኳ አልተሰማም። አንዱ አረንጓዴ ካርዱን ፈራ፣ ሌላው አማቱን፣ ሌላው አሠሪውን። ገበናን አደባባይ ማውጣት ለእኛ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ ዕዳ ደግሞ ከገበናም ገበና ነው። ባልቴቷ እጇን ሳታወጣ ከተቀመጠችበት ተናገረች። «እኔ እቆማለሁ። ያለ ጥፋቱ የወቀስኩት ሰው አለ፤ እሱን አልቅሼ ልቅበረው።»

ማንም አልገባውም፤ ከነርሷ በቀር።

ክሱ በግሪንቤልት የፌዴራል ፍርድ ቤት ተከፈተ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም፤ ወረቀት ወረቀትን እየጠራ ወራት ሄዱ። አበዳሪው ውሉ ላይ ፈርማለች አለ፤ ዋጋው በየክፍለ ግዛቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ ዘንድ የተመዘገበ ስለሆነ ፍርድ ቤት ሊነካው አይችልም አለ። በሌሎች ከተሞች በዚህ መከላከያ የተረቱ ከሳሾች ነበሩ። ጠበቃዋ የያዘችው መከራከሪያ ኮሚሽኑ ነበር፦ ዋጋው ሕጋዊ ነው ብንል እንኳ፣ ለተበዳሪው ኢንሹራንስ ገዛሁ ብሎ ከክፍያው ለራሱ ማስመለስ በየትኛው ውል ላይ ተጻፈ?

ከዚያ የቃለ መሐላው ቀን መጣ። ባልቴቷ ነጭ ልብሷን ለብሳ ባልቲሞር ወረደች፤ አስተርጓሚ ተቀምጧል፤ የአበዳሪው ጠበቃ ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን አያነሣም። ባሏ ስንት ያገኝ እንደነበር ጠየቃት፣ ለዘመድ ገንዘብ ትልክ እንደሆነ፣ ክፍያ ዘግይታ ታውቅ እንደሆነ፣ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ማን ምን እንዳለ። ሁሉንም መለሰች።

«የኢንሹራንስ ማሳሰቢያው ቤትዎ ደርሶ ነበር?»

«ደርሶ ነበር።»

«አንብበውት ነበር?»

«አላነበብኩትም። በባሌ ስም የመጣውን አልከፍትም ነበር።»

«ስለዚህ የኢንሹራንሱ መቋረጥ የእርስዎ ጥፋት ነው።»

የራሷ ጠበቃ ልትቃወም ስትነሣ ባልቴቷ በእጇ ያዘቻት።

«አዎ፣ መቋረጡ የእኔ ጥፋት ነው» አለች። «850 ዶላር የነበረውን 3,400 ያደረግሁት ግን እኔ አይደለሁም። የእኔ ጥፋት ልክ አለው። ከልኩ በላይ ያለው የእናንተ ነው።»

አስተርጓሚው ቃል ሳይጥል ተረጎመው፤ መዝገብ ላይ ገባ።

በ2014 አበዳሪው ታረቀ። ጥፋት አለብኝ አላለም፤ እንዲህ ያሉ ዕርቆች ላይ ብዙ ጊዜ አይባልም። በዚያው ዓመት በማያሚ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከጸደቁት ተመሳሳይ ስምምነቶች አንዱ ለተበዳሪው ከተጣለበት የኢንሹራንስ ዋጋ 12.5 በመቶ የሚመልስ ነበር፤ የምሳሌያችንም አበዳሪ በዚያ ልክ ተስማማ። ለዓመታት ከእንዲህ ያለ ኢንሹራንስ ኮሚሽን ላለመውሰድም ፈረመ። በዚያው ዓመት ጥር ወር አዲስ የፌዴራል ደንብ ሥራ ላይ ውሎ ነበር፦ አበዳሪ ከማስከፈሉ ቢያንስ 45 ቀን በፊት ማስጠንቀቅ፣ ከዚያም ሁለተኛ ማስታወሻ መላክና 15 ቀን መጠበቅ አለበት፤ ተበዳሪው ኢንሹራንስ እንደነበረው ካስረዳ የተደራረበበትን በ15 ቀን ውስጥ ይመልሳል።

12.5 በመቶ። ለባልቴቷ የአንድ ዓመቱ 425 ዶላር ይሆናል። ይህን በቂ ነው የሚል ሰው የኤርፖርት ወለል ጠርጎ አያውቅም። ጠበቆቹ በብዙ እጥፍ ይከፈላሉ፤ ዳኛው ፈቅዷል። በስሟ ስለቆመች ለባልቴቷ ተጨማሪ 5,000 ዶላር ተፈቀደላት፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ «ገበናዋን በ5,000 ሸጠች» የሚል ወሬ ወጣ። ሰምታለች። ገንዘቡን ለተጓደለው የሞርጌጅ ክፍያ አዋለችው፤ የኤርፖርቱንም ሥራ ተወች።

የሚያስቆጨው ነገር ከዚህ በኋላ ነበር። በቡድን ክስ ሕግ መሠረት ደብዳቤው የደረሰው ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ በክሱ ውስጥ አለ። መውጣት የሚፈልግ በተቆረጠ ቀን በጽሑፍ ይወጣል፤ ለብቻው ሊከስ ይችላል። ያልወጣ ሰው በስምምነቱ ይታሰራል፤ በዚህ ጉዳይ ዳግም ሊከስ አይችልም። ገንዘቡን ለማግኘት ደግሞ ቅጹን ሞልቶ መላክ አለበት። ዝም ያለ ሰው እንግዲህ መብቱን ይሰጣል፤ በምትኩ ምንም አይቀበልም። ቅጹ የሚመጣበት ፖስታ የክሬዲት ካርድ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ሰው ሳይከፍት ይጥለዋል። አበዳሪዎች እንዲህ ያለውን ስምምነት የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ያልተላከ ቅጽ ያልተከፈለ ገንዘብ ነው። ይህን አሠራር ያጸደቁ ዳኞች ሁሉ አንድ ቀን ከጸሐፊው ጋር በር ለበር ቢዞሩ ደስ ባለኝ።

ጸሐፊውና ባልቴቷ የዕድሩን መዝገብ ይዘው ዞሩ። ነርሷ እንግሊዝኛውን ትሞላለች። አንዳንዱ በር ከፈተ፣ አንዳንዱ ከውስጥ ሆኖ የለሁም አለ። ቀነ ገደቡ አንድ ሳምንት ሲቀረው ባልቴቷ ለብቻዋ ሹፌሩ ወደሚኖርበት አፓርታማ ወጣች።

«እትዬ፣ ስለዚያ ነገር ከሆነ አይድከሙ» አላት ገና በሩ ላይ። «እኔን አይመለከተኝም። ቤቴን ሸጫለሁ።»

«ሰምቻለሁ» አለች። «እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ ስል ሰምተኸኛል። ኤርፖርት ወለል እየጠረግሁ ነበር።»

አላወቀም ነበር። ገለል ብሎ አስገባት።

«እንዴት ለሰው ይነገራል?» አለ ቡና እየቀዳ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ወንድሜ፣ ዝም ያልከው ከክሱ ውጭ የቀረህ መስሎህ ነው። መውጫው ቀን አልፏል። እንደ እኔው በውስጡ ነህ፤ መብትህ ከእኔ መብት ጋር ተዘግቷል። የቀረህ ቅጹ ብቻ ነው። ባትልከው አበዳሪው ለሦስተኛ ጊዜ ይወስድብሃል፤ ያን ጊዜ ግን የሰጠኸው አንተ ነህ።»

ብዙ ቆየ። ከዚያ ከአልጋው ሥር የሩዝ ከረጢት ጎትቶ አወጣ፤ እስከ አፉ ፖስታ ሞልቶታል። አብረው ከፈቱ። ከውስጡ የወጣው አንዱ ወረቀት የእነሱ ክስ አልነበረም። በ2012 49 የክፍለ ግዛት ዐቃብያነ ሕግና የፌዴራል መንግሥት ከአምስት ትልልቅ ባንኮች ጋር ያደረጉት የ25 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ቅጽ ነው፤ ከ2008 እስከ 2011 ቤታቸው ለተወሰደባቸው የተላከ። ከ960,000 በላይ ሰዎች ቅጹን ልከው እያንዳንዳቸው 1,480 ዶላር ገደማ አግኝተዋል። የሹፌሩ ቅጽ ጊዜው ካለፈ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ባልቴቷ አጠፈችውና ምንም ሳትል ወደ ጎን አደረገችው። ከታች የእነሱን አገኙ። የብድር ቁጥሩን ራሱ ጻፈ፤ በቃሉ ነበር የሚያውቀው።

ከወራት በኋላ ቼኩ መጣለት፤ 850 ዶላር። የዚያኑ ዕለት ደወለላት፤ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ለቤቴ ይህ ነው? ልጆቼ ላደጉበት ቤት?»

«ለቤትህ አይደለም» አለችው። «ቤትህን ማንም አልመለሰልህም፤ አልዋሽህም። ይህ አላግባብ ከወሰዱብህ ላይ የመለሱት ቁራጭ ነው።»

«ታዲያ ምን ጥቅም አለው?»

«ጥፋቱ በሙሉ ያንተ እንዳልነበረ የተጻፈበት ነው። እኔ የባሌን ደረሰኝ ይዣለሁ፤ አንተ ደግሞ ይህን ያዝ። አልፈልግም ካልክ ቀደህ ጣለው፤ ፈቃድህ ነው።»

አልቀደደውም። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ፣ መዋጮ ተሰብስቦ የታመመ ተጠይቆ ካለቀ በኋላ፣ ሹፌሩ ቃል ጠየቀ። ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ቤቴን አልሸጥኩትም፤ ተወስዶብኝ ነው» አለ። በስንት ዓመት፣ በስንት ዶላር፣ በየትኛው ደብዳቤ እንደሆነ በዝርዝር ተናገረ። ቀንተውበት የነበሩትም ሰሙ። ጸሐፊው የተባለውን ሁሉ በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈ።

ሰው ሲበተን ሁለት ሰዎች ሹፌሩን በሩ ላይ ጠበቁት። አንደኛው ቤቱ ገና በእጁ ነበር፤ ያበደረው ሌላ ባንክ ነው፣ ደብዳቤውም ሌላ ነው፤ ከኪሱ ሲያወጣው ለመመለስ የቀረው ጊዜ ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። ሹፌሩ መነጽሩን አጠለቀና «ና፣ መኪናዬ ውስጥ ብርሃን አለ» አለው።